ምክር እየሰማን የማንለወጠው ለምንድን ነው? የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ችሎታም ትጋትም ያላቸው ሰዎች ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ሲረግጡ ማየት ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ የጎደላቸው እውቀት አይደለም። የሚያርማቸው ሰው አጠገባቸው አለ፤ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ግን አላወቁም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየልምምድ ሜዳው የሚታዩ ናቸው።

ሳያስጨርሱ መልስ መስጠት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አንዲት ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ የወሩን ሪፖርት ለአለቃዋ አቀረበች እንበል። አለቃዋ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆም አሉ። «ይሄ ወጪ ካለፈው ወር በእጥፍ ጨምሯል፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም» አሏት። እሷ ወዲያው «አይ፣ እሱማ ደረሰኙ ዘግይቶ ስለደረሰኝ ነው፤ ደግሞ ዓርብ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር» ብላ ቀጠለች። ያለችው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። አለቃዋም «እሺ» ብለው ገጹን ገለበጡ። የተረዱላት መሰላት። እሳቸው ግን አራተኛውና አምስተኛው ገጽ ላይ ሊነግሯት ያሰቡትን ዋጥ አድርገውት አለፉ። በሚቀጥለው ወርም አይነግሯትም። ሰው በየዓረፍተ ነገሩ ከሚከራከረው ጋር መድከም አይወድም።

«ግን እኮ» ልትሉ ስትሉ እስክሪብቶ አንሱና የተባላችሁትን ጻፉ። የሚጽፍ ሰው ለመከራከር አይቸኩልም። ማብራሪያው የግድ ካስፈለገ ነገም ይደርሳል።

ቅኔ ቤት ይህን ነገር በደንብ ያውቅበታል። ተማሪው ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጀማሪ ከሆነ የያዛት ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት። ቤቱ ካልመታ፣ ሰዋስው ከተሳሳተ ወይም ምሥጢሩ ከላላ፣ የኔታ እዚያው ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙታል። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስከሚባለው ረዘም ያለ የቅኔ ዓይነት የሚያድገው እንዲህ እየታረመ ነው። መታረም የዕለት ሥራ ሲሆን እንደ ውርደት አይቆጠርም። እኛ ግን በዓመት አንዴ፣ ያውም በሥራ አፈጻጸም ምዘና ሰሞን ብቻ ስለምንሰማው ያስደነግጠናል።

«እንዴት ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ

ይሉኝታ ባለበት አገር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «አሪፍ ነው፣ በርታ!» የተጠየቀው ሰው ክፋት የለበትም። ሊያስቀይማችሁ አልፈለገም፣ አለቀ። ስለዚህ እውነቱን መናገር እንዲቀልለው ጥያቄውን አጥብቡለት። «ይህን ጽሑፍ በግማሽ አሳጥር ብትባል የቱን ታወጣለህ?» «ስናገር የት ጋ ሰለቸሽ?» «አንድ ነገር ብቻ አስተካክል ብትለኝ ምን ትለኛለህ?» እንዲህ ሲጠየቅ «ሁሉም ጥሩ ነው» ለማለት ይከብዳል። ሥራ አመልክታችሁ ካልተመረጣችሁም «ለምን አልተመረጥኩም?» ከማለት «ለሚቀጥለው ጊዜ የቱን ችሎታ ባጠናክር ይሻላል?» ማለት ይበልጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ አቤቱታ ስለሚመስል መላሹ ጥንቃቄ ያበዛል።

ከተሳካልን በኋላ መጠየቅ ማቆም

ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ ሂሻም ኤል ገሩዥንና የእኛውን ቀነኒሳ በቀለን ቀድሞ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ገና 18 ዓመቱ ነበር። ብዙ ወጣት በዚያ ዕድሜ እንዲያ ቢያሸንፍ «ከዚህ በኋላ ማን ምን ያስተምረኛል?» ይል ነበር። እሱ ግን ከአሠልጣኙ ከፓትሪክ ሳንግ አልተለየም። ሳንግ ራሱ በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው። በ2012 ኪፕቾጌ ለለንደን ኦሊምፒክ የኬንያ ቡድን ውስጥ መግባት አቃተው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ማራቶን አዞረ። በአዲሱ ርቀት እንደገና ተማሪ ሆነ ማለት ነው። በ2013 ሃምቡርግ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን አሸነፈ። በ2019 ቪየና ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በ1:59:40 ሲጨርስም አሠልጣኙ ያው ሳንግ ነበር። ሰዓቱ በይፋ ክብረ ወሰንነት ባይመዘገብም ከዚያ በፊት ማንም ከ2 ሰዓት በታች አልገባም ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ልምምዱን በደብተር ሲመዘግብ ኖሯል። ሁሉን አውቄያለሁ የሚል ሰው ደብተር አይይዝም።

«ትናንት የመጣ ልጅ»

ይህ አጭር ነው። አዲስ ተቀጣሪ «ይሄ ፎርም ለምን ሁለት ጊዜ ይሞላል?» ብሎ ሲጠይቅ አትቆጡ። እናንተ ለምዳችሁት ያላያችሁትን እሱ በሳምንቱ አይቶታል። ከመመለሳችሁ በፊት በእርግጥ ምክንያቱን ታውቁት እንደሆነ አስቡ።

የሁሉንም ሰው ምክር መያዝ

ክፍት መሆን ማለት ለሁሉም መታዘዝ አይደለም። ማታ ቲክቶክ ላይ ያየነውን አነቃቂ ንግግር፣ የአጎታችንን ተግሣጽና የጓደኛችንን አስተያየት አንድ ላይ ስንይዝ የትኛውንም በቅጡ ሳንሞክር ወሩ ያልፋል። እኔ የማስቀድመው ሥራዬን በዓይኑ ያየን ሰው ነው። ስትሠሩ አይቷችሁ የማያውቅ ሰው የሚነግራችሁ ለማንም የሚነገረውን ነው። ሥራችሁን ከሚያውቁት አንድ ወይም ሁለት ሰው ምረጡ፤ ከነገሯችሁ ውስጥም ለዚህ ወር አንዱን ብቻ ያዙ።

ሰምቶ መጥፋት

መካሪን የሚያደክመው ይሄኛው ነው። ጊዜውን ሰውቶ አነጋገራችሁ፣ አመስግናችሁ ወጣችሁ፣ ከዚያ ድምፃችሁ ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጭር የቴሌግራም መልእክት ትበቃለች፤ «ያልከኝን ሞክሬዋለሁ፤ መግቢያውን ማሳጠሩ ሠርቶልኛል፣ ያለ ማስታወሻ መናገሩ ግን አልሆነልኝም።» ያልተሳካውንም አትደብቁ። መካሪው ቀጥሎ ምን እንደሚላችሁ የሚያውቀው ከእሱ ነው፤ ምናልባትም ምክሩ ለእናንተ እንደማይሆን ያኔ ይገባውና ሌላ መንገድ ይፈልግላችኋል።