የኤሚል ፌሪስን ሁለተኛ መጽሐፍ እንዴት እናንብበው?

አሜሪካዊቷ ሠዓሊና ደራሲ ኤሚል ፌሪስ «ከሁሉ የምወደው ጭራቆችን ነው» የሚል ርእስ የሰጠችው ሥዕላዊ ልቦለድ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ታሪኩ እልባት ሳያገኝ ስላበቃ፣ አንባቢዎቿ ቀጣዩን ክፍል እስከ 2024 ድረስ ሰባት ዓመት ጠብቀዋል። ይህን ያህል የተጠበቀ መጽሐፍ እጅ ሲገባ መጨረሻውን ለማወቅ መቸኮል ያለ ነው። ሆኖም የታሪኩ ብዙ ነገር የተነገረው በሥዕሉ በመሆኑ፣ ጽሑፉን ብቻ እየለቀመ የሚሮጥ ሰው ግማሹን ሳያየው ያልፋል።

አስቀድመው የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና ያንብቡ። ጊዜው 1968፣ ቦታው ቺካጎ ነው፤ ራሷን በተኩላ መልክ የምትሥል ካረን ሬየስ የተባለች የ10 ዓመት ልጅ የጎረቤቷን የአንካ ሲልቨርበርግን አሟሟት ትመረምራለች፤ መጽሐፉም የእርሷ ደብተር ሆኖ የተሠራ ነው። የገጽ ቁጥር ስለሌለው፣ ሊመለሱበት የሚፈልጉትን ቦታ በቁራጭ ወረቀት ምልክት ያድርጉበት።

ሁለተኛውን ሲጀምሩ በእያንዳንዱ ግልጥ ላይ መጀመሪያ ሥዕሉን ብቻ ይመልከቱ፤ ቃላቱን ከዚያ በኋላ ያንብቡ። ሥዕሎቹ የተሠሩት በተራ እስክሪብቶ ነው። የአንካን ፊት ራቅ አድርገው ሲያዩት ጥልቅ ሰማያዊ ጥላ ይመስላል፤ ወደ ዓይንዎ ሲያስጠጉት ግን ጥላው እርስ በርስ የተሻገሩ እልፍ ቀጫጭን ጭረቶች ሆኖ ይገኛል፤ ከሥሩም የደብተሩ መስመር ይታያል። ፌሪስ በ40 ዓመቷ ገደማ በትንኝ ንክሻ በሚተላለፈው የዌስት ናይል ቫይረስ ተይዛ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ባላት ጊዜ፣ እስክሪብቶውን በፕላስተር ከእጇ ጋር አስራ እንደገና መሣል የተማረች ሴት ናት። ይህን ላወቀ ሰው እነዚያን ጭረቶች በችኮላ ማለፍ ይከብደዋል።

በምዕራፎች መካከል የሚመጡትን የአስፈሪ መጽሔት ሽፋኖች እንደ ጌጥ አይዝለሏቸው። በመጀመሪያው ክፍል ካረን ከወንድሟ ጋር ቆማ የምታያቸውን የሙዚየም ሥዕሎችም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው የበርናት ማርቶሬል ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ዓይን የቀደመ ልምድ አለው፤ ነጩን ፈረስ፣ ዘንዶውንና ብሩታዊትን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያውቃቸዋል። በልቡ ካለው ሥዕል ጋር ያነጻጽረው፤ ከዚያም ጭራቅ የምትወድ ልጅ ዘንዶውን በምን ዓይን እንደምታየው ይጠይቅ። እኔ በበኩሌ መጽሐፉ የተከፈተልኝ በዚህ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ካረንን በግራንት ፓርክ ሰልፍ መካከል ያደርሳታል። ስለዚህ በኦገስት 1968 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በቺካጎ ሲካሄድ ፖሊስ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞችን እንዴት እንደደበደበ አስቀድሞ ጥቂት ማንበብ ይጠቅማል።

ተራኪዋ ሕፃን ብትሆንም መጽሐፉ የአዋቂዎች ነው፤ የናዚን ዘመን ግፍና በሴቶች ላይ የደረሰ ጥቃትን ሳይሸፍን ስለሚያሳይ ልጆች በማይደርሱበት መደርደሪያ ያስቀምጡት።