ገናን በአሜሪካ ለምታከብሩ፦ ፈቃዱንም ቁሌቱንም አስቀድሙ

ገናን ከቤተሰብ ርቃችሁ በአሜሪካ የምታከብሩ ሁሉ የሥራ ፈቃዳችሁን ከወዲሁ እንድትጠይቁ እመክራለሁ። በዓሉ በእኛ አቆጣጠር እንደ ዘመኑ ታኅሣሥ 29 ወይም 28 ቢውልም፣ በፈረንጆቹ ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ፣ ቀኑን ከወራት በፊት ማስመዝገብ ይቻላል። እኔ ዘግይቼ የጠየቅሁ ዓመት አለቃዬ «ገና እኮ አለፈ» ብሎኝ ከቅዳሴ በቀጥታ ሥራ ገብቻለሁ።

የዶሮ ወጡን ቁሌት ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በዋዜማው የሚቀረው ዶሮውንና እንቁላሉን መጨመር ብቻ ይሆናል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ መስኮት ክፈቱ፤ አለዚያ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ስልክን በተመለከተ፣ ዋሽንግተን በጃንዋሪ ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ አገር ቤት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲፈሰክ በዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ጠዋት ተነሥቶ መደወል፣ እንግዳው ከተበተነና ቡናው ከፈላ በኋላ መድረስ ነው። እኔ ጃንዋሪ 6 ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቴ በፊት እደውላለሁ፤ በዚያ ሰዓት እናቴ ድፎውን ገና አልቆረሰችም።