የምትታቀፍ ዶሮና የሚበላ እንቁላል፦ ለጓሮ ዶሮ አርቢዎች

በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በሱሉልታ ጓሮዎች ዐሥርም ሃያም ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች ሁለቱ ዘወትር ተያይዘው ይመጣሉ፤ አንደኛው ዶሮዋ ታቅፋ መጣል አቆመች የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ዶሮዎቹ የጣሉትን እንቁላል ራሳቸው እየበሉት ነው የሚል ነው። መያያዛቸው በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የሚበረቱት እንቁላል ሳይነሳ በሚውልበት መጣያ ነው፤ የታቀፈችው ዶሮ መጣያውን ስትይዝ ሌሎቹ እየተጋፉ ከጎኗ ይጥላሉ፣ በግፊያው አንዱ እንቁላል ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውን ያገኘች ዶሮም ትቀምሰዋለች። ስለዚህ ዶሮዋን ከመቅጣት በፊት መጣያውን መመርመር ይገባል።

ለመታቀፍ የተቀመጠች ዶሮ ቀኑን ሙሉ ከመጣያው አትነሳም፣ ማታም ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ አትወጣም። እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትነቁራለች፤ እንደ ወትሮዋ አታሽካካም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ታጉረመርማለች። ቀስ ተብሎ ተነስታ ሆዷ ቢታይ ላባው ሳስቶ ቆዳው ተገልጧል፣ ሲዳሰስም ይሞቃል። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ለመብላት ስትነሳ የምትጥለው ኩስ ብዙና እጅግ የሚሸት ነው። እነዚህን ምልክቶች ማወቅ የሚጠቅመው የታመመችን ዶሮ እንደታቀፈች ቆጥሮ ላለመተው ነው፤ የታመመች ዶሮ ኩክኒዋ ይገረጣል፣ ዓይኗን ትከድናለች፣ ሲነኳትም አትከላከልም።

ይህን ጠባይ የሚቀሰቅሰው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ሲሆን፣ ሆዷ እንቁላልና ሙቀት በነካ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ዶሮ በየትኛውም ወር ልትታቀፍ ትችላለች። የሐበሻ ዶሮ ይህን ጠባይ አጥብቃ ይዛለች፤ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 የሚሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ለእንቁላል የተመረጡ የፈረንጅ ዶሮዎች ግን መታቀፍን እንዲተዉ ሆነው የተዳቀሉ በመሆናቸው እምብዛም አይታቀፉም።

እንግዲህ አርቢው አስቀድሞ ጫጩት ይፈልግ እንደሆነ ይወስን። በእኔ እምነት አውራ ዶሮ ላለውና ጫጩት የሚያሳድግበት ቦታ ለተመቸው ሰው የምትታቀፍ የሐበሻ ዶሮ ትልቅ ሀብት ናት፤ መብራት ሳትጠይቅ ትፈለፍላለች፣ የፈለፈለችውንም ራሷ ታሳድጋለች። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ጸጥ ወዳለ፣ ጨለም ወዳለና ከሌሎቹ ወደ ተለየ ስፍራ በሌሊት ማዛወርና ከ10 እስከ 12 እንቁላል ማስታቀፍ ተገቢ ነው። እንቁላሎቹ ከተጣሉ ከአንድ ሳምንት ያልበለጣቸው፣ ያልተሰነጠቁና በአንድ ጊዜ የሚቀመጡ ይሁኑ። በጋራ መጣያ ውስጥ ከተተወች ሌሎቹ በየቀኑ እየመጡ ይጨምሩባታል፤ የመጀመሪያዎቹ ተፈልፍለው ከጫጩቶቿ ጋር ስትነሳም የቀሩት ውስጣቸው ጫጩት እንደያዙ ይበላሻሉ። በ7ኛው ቀን ገደማ በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ ባትሪ ሲታዩ የለሙት እንቁላሎች እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮችን ያሳያሉ፤ ጥርት ብለው የሚያበሩት አልለሙምና ይነሱ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን እስከ 21ኛው ቀን ድረስ መነካካት አይገባም። በከባድ ክረምት፣ በተለይ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ስፍራ፣ ደረቅና ነፋስ የማይገባበት ክፍል ከሌለ ማስታቀፉን ለበጋ ማቆየት ይሻላል።

ጫጩት የማይፈለግ ከሆነ መታቀፏን በቶሎ ማስተው ያስፈልጋል፤ በተቀመጠች ቁጥር የሚወስደው ጊዜ ይረዝማልና። በየሰፈሩ የሚታወቁ የቆዩ ዘዴዎች አሉ፤ ዶሮዋን ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ይጠቀሳሉ። እነዚህ ያሠቃያሉ፣ በብርዱም ለበሽታ ያጋልጣሉ፤ ስለዚህ ሊተዉ ይገባል። ለጥቂት ቀናት ጎረቤት ቤት የመውሰዱ ልማድ ግን ከመጣያዋ ስለሚለያት በእርግጥ ይሠራል። ችግሩ እንደ ፈንግል ያለ በሽታ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያጓጉዝ መሆኑ ነው፤ ያንኑ ውጤት እዚያው ግቢ ውስጥ ማግኘት ይቻላል።

ለዚህም ወለሉ የሽቦ ወይም የተራራቀ ቀጭን እንጨት የሆነ ትንሽ ሳጥን ተሠርቶ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጭድም ሆነ ጆንያ አይነጠፍበት፤ ዋናው ነገር ከሥር የሚገባው አየር የሆዷን ሙቀት እንዲያቀዘቅዘውና ጎጆ የምትሠራበት ነገር እንዳታገኝ ነው። ዝናብና ጠራራ ፀሐይ የማያገኘው፣ ሌሎቹን ዶሮዎች የምታይበት ብሩህ ቦታ ይመረጥ። መኖና ውኃ ፈጽሞ አይከልከሏት፤ ታቅፋ በቆየችበት ጊዜ ክብደት ቀንሳለችና ማስራብ መልሳ እንድትጥል አይረዳም። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከቆየች በኋላ ይልቀቋትና ይከታተሏት፤ ከሌሎቹ ጋር መጫር ከጀመረች ትታዋለች፣ በቀጥታ ወደ መጣያው ከሮጠች ደግሞ ለሁለት ቀን ትመለስ። እንቁላል ለመጣል እንደገና አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድባት ይችላል።

እንቁላል የመብላት ልማድ ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ አንዷ ስትበላ ሌሎቹ አይተው ይማራሉ። በመጣያው ውስጥ እርጥብ ጭድ ወይም የቅርፊት ስብርባሪ ከተገኘ ጥፋተኛዋን በማለዳ መፈለግ ይገባል፤ በመንቁሯ ጥግና በአንገቷ ላባ ላይ የደረቀ የአስኳል ቢጫ ይታያል።

ዋናው መከላከያ እንቁላልን በቶሎ ማንሳት ነው። ዶሮዎች አብዛኛውን እንቁላል የሚጥሉት ከማለዳ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ በመሆኑ ረፋድ ላይና ቀትር ላይ፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ መሰብሰብ ይበቃል። በተለይ በዐቢይ ጾም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሚጾም ቤት ለ55 ቀናት እንቁላል ስለማይበላና ገበያውም ስለሚቀዘቅዝ ለመሰብሰብ የሚቸኩል አይኖርም፤ እንቁላሉ በመጣያው ይከማቻል፣ ዶሮዋም ክምሩን አይታ ትቀመጣለች፣ ከሥር ያለውም ይሰበራል። ባይሸጥም ይሰብሰብና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ይዘጋጅ፤ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጨለም ያለና በወፍራሙ የጤፍ ጭድ የተነጠፈበት ይሁን። ጭዱ ሲሳሳ እንቁላል ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። ልማዱ ለበረታበት መንጋ ወለሉ ወደ ኋላ በትንሹ ያዘነበለና ከኋላው በክዳን የተሸፈነ መያዣ ያለው መጣያ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ እንቁላሉ እንደተጣለ ተንከባልሎ ዶሮዋ ከማትደርስበት ቦታ ይገባል። ከሁሉም ይልቅ የማምንበት መፍትሔ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው መኖው ነው። የምትጥል ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። የእንጀራ ፍርፋሪና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ይህን አታገኝም፤ ጤፍ ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም ቢኖረውም ለቅርፊት ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። በመኖ መሸጫዎች የሚገኘውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት በተለየ ዕቃ ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ አፏንና ጉሮሮዋን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይሰጥም። የእንቁላል ቅርፊት መልሶ መስጠትም መልካም ነው፤ ሆኖም በምጣድ ላይ ደርቆና ደቅቆ ይሁን፤ ቅርጹን ከለየችው መጣያው ውስጥ ትፈልገዋለችና። ውኃም አይጓደል፤ የተጠማች ዶሮ እርጥብ ነገር ፍለጋ እንቁላል ትሰብራለች። መኖው ተሟልቶ ቅርፊቱ አሁንም የሳሳ ከሆነ ፈንግልን የመሰለ በሽታ ሊኖር ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

ብዙ ሰው እንቁላል በስቶ በርበሬ ይሞላል። ይህ አይሠራም፤ ወፎች የበርበሬን ማቃጠል እኛ እንደምንሰማው አይሰሙትምና ዶሮዋ በርበሬውን ከነእንቁላሉ ትበላዋለች፣ እንዲያውም ልማዷ ይጠናል። ከዚህ ይልቅ እንቁላል የሚያክል ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ወይም የተጠረበ እንጨት በመጣያው ማስቀመጥ ይሻላል፤ ደጋግማ ነቁራ ምንም ስታጣ ብዙዋ ትተወዋለች። መንቁር መቁረጥ ግን ሕመሙ ከባድ ስለሆነ በጓሮ ሊሞከር አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያችው ዶሮ መብላቷን ካልተወች ከመንጋው ትለይ፣ ለሚቀጥለው በዓልም ትታረድ። በተለይ መጣል የሚጀምሩ ቄቦች በግቢው ካሉ፣ መጣያ ከመልመዳቸው በፊት እርሷ ከዚያ መውጣት አለባት።