የሪሞት የእንጨት አውሮፕላን ጅራት እንዴት እንደሚሰራ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚነሳ ሞዴል ከባህር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው የሚበረው። አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ላለመውደቅ 13 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ትርፍ ክብደት እዚህ ይጎዳል፤ ጅራት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጅራት ከሚዛኑ ነጥብ ሩቅ ነውና እዚያ የተረፈ 20 ግራም አፍንጫው ላይ 50 ግራም እርሳስ ያስጭናል።

ክንፉ 150 በ25 ሳንቲሜትር ለሆነ መለማመጃ አውሮፕላን አግዳሚው ጅራት ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ጨምሮ 56 በ14 ይሁን፤ ከዚህ 4 ሳንቲሜትሩ የኤሌቬተሩ ነው። ቋሚው ጅራት ከረደሩ (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ከሚያዞረው ክፍል) ጋር ቁመቱ 18፣ አማካይ ወርዱ 16 ይበቃዋል።

ሥዕሉን በሙሉ ልኩ ወረቀት ላይ ሥሩ። ያልተጣመመ ቺፑድ ላይ ለጥፉትና ኮላው እንዳይዘው በፌስታል ሸፍኑት። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት) 12 ሚሊሜትር ወርድ ያላቸው ዘንጎች ቁረጡ። ዙሪያውን በስፒል ያዙ፤ በየ6 ሳንቲሜትሩ መስቀለኛ፣ በመካከላቸውም ሰያፍ ዘንግ አግቡ። ሰያፉ ከቀረ ጅራቱ ሲሸፈን ይጠማዘዛል። የዘንግ ጫፍ ኮላ ይጠጣል፤ መጀመሪያ በስሱ ቀብታችሁ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ደግማችሁ ቀብታችሁ ግጠሙ። በክረምት ሌሊቱን ሙሉ ከቺፑዱ አታንሱት፤ እርጥብ ኮላ እንደያዘ የተነሳ ጅራት ተጣምሞ ይደርቃል።

ኤሌቬተሩና ረደሩ ከድፍን ባልሳ ይቆረጣሉ። የእንጨቱ ጅማት በርዝመታቸው ይሂድ። በማጠፊያው በኩል ያለውን ጠርዝ ከሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት እንደ ቪ አሹሉት። ሁለቱን የኤሌቬተር ግማሾች በ6 ሚሊሜትር ጠንካራ የእንጨት ዘንግ አያይዙ። ይህ ዘንግ በአካሉ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ጅራቱ ከመለጠፉ በፊት መግባት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፣ ኋላ መፍትሔው መጋዝ ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ግማሽ ሦስት ማጠፊያ ያስፈልጋል። መታጠፊያቸውን ቫዝሊን ቀቡ፤ ኮላ ከገባበት አይታጠፍም። ክፍተቱ ከ1 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ኤሌቬተሩ በፍጥነት ሲበር ይርገበገባል።

ጅራቱን የሚሸፍነውን ስስ ፕላስቲክ በካውያ ካለበሳችሁ በኋላ ኮላ የሚነካበትን ቦታ ግለጡ። ምላጩ ግን ፕላስቲኩን ብቻ ይቁረጥ። እንጨቱን ከነካው ጅራቱ አየር ላይ በዚያው መስመር ሊሰበር ይችላል።

ሲገጠም ከአፍንጫው መሃል እስከ ሁለቱ የጅራት ጫፎች በማይለጠጥ ክር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር አይለፍ። ከኋላ ቆማችሁ ጅራቱ ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆኑን እዩ፣ ቋሚውን በስኳድራ ከሁለቱም ጎን ፈትሹ። በ30 ደቂቃ በሚደርቅ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ኮላ) ለጥፉ፤ በፍጥነት የሚደርቀው ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም።

ለመጀመሪያ በረራ ኤሌቬተሩ ወደ ላይና ወደ ታች 12፣ ረደሩ ወደ ግራና ቀኝ 20 ሚሊሜትር ይንቀሳቀስ። የሪሞቱን ዱላ ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ መውጣት አለበት።