ሮቨሩ በረሃ ላይ ሲቆም፦ ከምልክቱ ተነስቶ ችግሩን ማግኘት

ዩኒቨርሲቲ ሮቨር ቻሌንጅ የሚባለው የተማሪዎች የሮቨር፣ ማለትም ሌላ ፕላኔት ላይ እንዲሄድ ታስቦ የሚሠራ ባለ ጎማ ሮቦት፣ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተጀመረው። የሚካሄደው በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ሀንክስቪል አጠገብ ባለ በረሃ ነው። የሚያዘጋጀው የማርስን ጉዞ የሚደግፈው ማርስ ሶሳይቲ የተባለ ድርጅት ነው። በረሃው ማርስን ይመስላል፤ ቀይ አፈር፣ ራቁት ኮረብታ፣ ልቅ አሸዋ። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ ክብደቱ በ50 ኪሎ የተገደበ ሮቨር ይዘው ይቀርባሉ። ሮቨሩ አፈር ዘግኖ የሕይወት ምልክት ይፈልጋል። ዕቃ አንስቶ ያደርሳል። በክንዱ ማብሪያ ይጫናል፣ ኬብል ይሰካል። ከዚያም ማንም ሳይነዳው ራሱ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው አንድ ሕግ አለ። ነጂዎቹ ሮቨሩን በዓይናቸው አያዩትም። በተሰጣቸው ቦታ ተቀምጠው ካሜራው የላከውን ብቻ ያያሉ። ባትሪው ቢደክም፣ ብሎን ቢላላ፣ አንቴና ቢነቀል እነሱ ዘንድ የሚደርሰው ምልክት ያው ነው። ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ሮቨሩ አይታዘዝም። ሰዓቱ ደግሞ እየሮጠ ነው። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ተሯሩጦ ኮድ ይከፍታል። እኔ ኮድ በመጨረሻ ይጠርጠር ባይ ነኝ። ቅድሚያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ብሎኑና ገመዱ፣ ከዚያ ሬዲዮው ይታይ።

ዳገት ሲጀምር ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል

ሜዳ ላይ ጥሩ ይሄዳል። ዳገት ሲነካ ወይም ባለበት ሲዞር ምስሉ ድርግም ይላል። ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ሁሉም ሰው «ሬዲዮው ነው» ይላል። ሳትጨቃጨቁ አንድ ነገር እዩ። ሮቨሩ ላይ ያለው ኮምፒውተር ከበራ ስንት ጊዜው ነው? ገና ሁለት ደቂቃው ከሆነ ጠፍቶ ነው የተነሳው፤ ችግሩ ኃይል ነው። ጠዋት ከበራ ጀምሮ ሳይቋረጥ ሠርቶ ከሆነ ግን ወደ ሬዲዮው ሂዱ። ይህች አንዲት ቁጥር የስንት ሰዓት ድካም ታድናለች። ነጂው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ሁልጊዜ መታየት አለባት።

ኃይል ከሆነ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ፣ ወይም ታንቆ መዞር ሲያቅተው፣ በደህና ጊዜ ከሚስበው ኤሌክትሪክ ብዙ እጥፍ ይስባል። ስድስት ጎማ ያለው ሮቨር ስድስቱንም ሞተር በአንድ ቅጽበት ሲያስነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ለአፍታ ይወርዳል። ሞተሩ ይህን ይችለዋል። ኮምፒውተሩ አይችለውም፤ ይጠፋል።

ለማረጋገጥ ቮልቴጁን ሮቨሩ ሲሠራ ለኩ። ጎማዎቹን አየር ላይ አንጠልጥሎ መለካት ምንም አይነግራችሁም፤ ሸክም የለማ! ስድስት ሴል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲሞላ 25.2 ቮልት ያሳያል። ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ስንት ድረስ እንደሚወርድ መዝግቡ። ብልጭ ብሎ የሚያልፈውን በዓይን አትይዙትም። ኮዱ ራሱ በየሰከንዱ ዝቅተኛውን ቁጥር ይያዝላችሁ።

ቁጥሩ ካልወረደና ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በባትሪውና በኮምፒውተሩ መካከል ነው። ኮኔክተሮቹን በእጃችሁ ዳስሱ። የሚሞቅ ካለ እዚያው ነው። የቀጠነ ወይም ያለ አግባብ የረዘመ ገመድም ያው ጣጣ አለው። ቀዩን የአደጋ ማጥፊያም አትርሱ፤ ውስጡ ያለው መነካኪያ በንዝረት ለአፍታ ከተላቀቀ ሮቨሩ በሙሉ ይጠፋል።

ቁጥሩ ከወረደ መፍትሄው ሁለት ነው፣ ሁለቱንም አድርጉ። ለኮምፒውተሩና ለሬዲዮው ለብቻቸው ትንሽ ባትሪ ስጧቸው፤ መሬታቸው ማለትም ኔጋቲቩ ግን ከሌላው ጋር ይገናኝ። ሁለተኛ፣ ሞተሮቹ ቀስ ብለው እንዲነሱ ኮድ ውስጥ ፍጥነቱን በደረጃ ጨምሩ። ግማሽ ሰከንድ እንኳ ትልቅ ለውጥ አለው።

ኮምፒውተሩ አልጠፋም፣ ምስሉ ግን የለም

አሁን ሬዲዮው ነው። መጀመሪያ ምስሉ ብቻ ነው የጠፋው ወይስ ትእዛዙም? ትእዛዝ እየደረሰ ምስል ከሌለ ካሜራው ነው። ብዙ ካሜራ በአንድ ዩኤስቢ መስመር ላይ ሲደረደር መስመሩ አይበቃም። ካሜራዎቹን ለያይታችሁ ሰኩ፣ ወይም ያልተጨመቀ ምስል መላኩን አቁሙ።

ሁለቱም ከጠፉ ርቀትና ከፍታ አስቡ። ሮቨሩ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ሊላክ ይችላል፤ ኮረብታ ጀርባም ይገባል። ብዙዎች «አንቴናው ሮቨሩን ካየ በቃ» ይላሉ። አይበቃም። የሬዲዮ ሞገድ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በ2.4 ጊጋኸርዝና በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ መሃል ላይ ያ ቦታ ከመስመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ሜትር ከግማሽ ይደርሳል። መሬቱ ይህን ሲነካው ሲግናሉ ይደክማል። ስለዚህ ከኃይለኛ ሬዲዮ ይልቅ ረጅም ምሰሶ ይጠቅማል። 900 ሜጋኸርዝ ደግሞ ኮረብታ ዙሮ ለማለፍ ይሻላል፤ ምስል የመሸከም አቅሙ ግን ያንሳል። ትእዛዙን በ900፣ ምስሉን በ2.4 የሚልኩ ቡድኖች ጥሩ አስበዋል።

ሦስት ነገር ደግሞ በጣም ይረሳል። የሮቨሩ አንቴና ቆሞ የጣቢያው ከተኛ ብዙ ሲግናል ይባክናል፤ ሁለቱም ይቁሙ። የካርቦን ፋይበር ሳህን ሞገድ ይከልላል፤ አንቴናው ከሱ በላይ ይውጣ። ዩኤስቢ 3 ኬብል ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይረብሻል። በዚህ ኬብል የተሰካ ሃርድ ዲስክ ስትነቅሉ ሲግናሉ ከተሻሻለ ጥፋተኛውን አገኛችሁ።

ግንኙነት ሲቋረጥ ሮቨሩ ምን ያደርጋል? የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚሄድ ከሆነ አደገኛ ነው። ትእዛዝ ለአንድ ሰከንድ ካልደረሰው ራሱ ይቁም። ቆይቶም ካልተገናኘ፣ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ እንዲመለስ ብታስተምሩት ትልቅ ነገር ነው።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም

ጎማውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የያዘችው ትንሿ ብሎን ላልታለች። ክብ ዘንግ ላይ ብሎን ብቻዋን አትይዝም። የዘንጉን አንድ ጎን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉ፣ ብሎኗን እዚያ ላይ አሳርፉ፣ የብሎን ማጣበቂያ ጨምሩ። ካጠበቃችሁ በኋላ በቀለም መስመር አስምሩበት። መስመሩ ከተዛነፈ ከሩቅ ይታያል።

አንዱ ጎማ አልፎ አልፎ ይለግማል

ሞተር መቆጣጠሪያዎቹ በካን ባስ፣ ማለትም መልእክት በሚለዋወጡበት ባለ ሁለት ገመድ መስመር፣ ከተያያዙ ኃይሉን አጥፉና በሁለቱ ገመዶች መካከል በመልቲሜትር ኦም ለኩ። 60 አካባቢ ካነበበ መስመሩ ደህና ነው። 120 ካነበበ አንደኛው ጫፍ ላይ ያለው ሬዚስተር የለም፣ ወይም ገመዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። 40 ካነበበ ሦስተኛ ሬዚስተር ያለበት ቦርድ ገብቷል፤ ፈልጋችሁ አውጡት። እየለካችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት። ቁጥሩ ከዘለለ ኮኔክተሩ ነው።

አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል

ይህ የተማሪ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማርስ ላይ የነበረችው የናሳ ሮቨር ኦፖርቹኒቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሸዋ ክምር ውስጥ ገብታ ከአንድ ወር በላይ ታስራለች። እህቷ ስፒሪት በ2009 ላዩ ጠንካራ በሚመስል፣ ከስሩ ግን ልል በሆነ አፈር ውስጥ ሰመጠች። ወራት የፈጀ ጥረት ተደርጎ አልወጣችም፤ በ2010 መጀመሪያ ላይ ናሳ ባለችበት እንድትሠራ ወሰነ። ከጎማዎቿ አንዱ ቀድሞ በ2006 መሥራት ማቆሙ ጉዳቱን አባብሶታል።

ምልክቱ ስክሪን ላይ ቀድሞ ይታያል። ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ጂፒኤሱ ግን አይንቀሳቀስም፤ ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክም ይጨምራል። ነጂው ይህን ሲያይ እጁን ያንሳ። ጋዝ መጨመር ጎማውን ጉድጓድ ያስቆፍረዋል። ቀስ ብላችሁ በራሳችሁ ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። ግራና ቀኝ እየጠመዘዛችሁ ለማምለጥ አትሞክሩ። በተለይ መሪ የሌለው፣ አንዱን ጎን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ እያዞረ የሚታጠፍ ሮቨር ሲዞር አፈሩን ያርሰዋል።

ለወደፊቱ ጎማውን ሰፊ አድርጉት፣ ላዩ ላይም አፈር የሚቧጥጥ ጥርስ አውጡለት። ከሁሉም በላይ ግን ልምምዱን አሸዋ ላይ አድርጉ። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ የተከመረ አሸዋ አስፈቅዳችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ብትነዱበት፣ በላቦራቶሪ ወለል ላይ ወር ሙሉ ከመንዳት የበለጠ ታውቃላችሁ።

ራሱን ሲነዳ በቀጥታ አይሄድም፣ ቅስት ይሠራል

ወደ ግቡ እየቀረበ ይሄዳል፣ ግን እየተጠማዘዘ። ይህ የአቅጣጫ ስህተት ነው፤ ኮምፓሱ ይዋሻል። ሮቨሩን አቁሙና ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ። ሞተሮቹን አዙሩ። ሮቨሩ ሳይነቃነቅ የኮምፓሱ ንባብ ከተቀየረ፣ የሞተሩ ማግኔትና ወፍራሙ ገመድ እየረበሹት ነው። ኮምፓሱን ምሰሶ ላይ አውጡትና እዚያው በረሃው ላይ እንደገና ካሊብሬት አድርጉት፣ ማለትም ንባቡን ልክ አስይዙት። ቤት የተደረገው ካሊብሬሽን ለዩታ አይሆንም።

ንባቡ ካልተቀየረ ሌላ ነገር አለ። በዚያ አካባቢ ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ይለያያሉ። ይህን ያላረመ ኮድ ቢያንስ መነሻው ላይ ወደ ጎን ይስታል። በ10 ዲግሪ ስህተት 100 ሜትር ብትሄዱ 17 ሜትር ከመስመር ትወጣላችሁ። አቅሙ ካላችሁ ሁለት የጂፒኤስ አንቴና አራርቃችሁ አቅጣጫውን ከነሱ ውሰዱ፤ ከማግኔት ጣጣ ትገላገላላችሁ።

ግቡ አጠገብ ደርሶ ጥቁርና ነጭ ምልክት የተለጠፈበትን ምሰሶ ካላየው ደግሞ የካሜራውን ብርሃን አስተካክሉ። የቀትር ፀሐይ ነጩን ያፈካውና ጥቁሩን ይውጠዋል።

የተወሰደው አፈር ሁሉ «ሕይወት አለው» ይላል

ይህን ክፍል አብዛኛው ኢንጂነር ለባዮሎጂ ተማሪዋ ትቶ ይሄዳል። ያሳዝናል፤ የውድድሩ ልብ እዚህ ነው።

ለምሳሌ አፈር ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግ አረፋ ይወጣል። ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ያለባቸው ሕዋሳት ይህን ያደርጋሉ። ችግሩ የብረትና የማንጋኒዝ ማዕድናትም ያደርጉታል፣ የዩታ ቀይ አፈር ደግሞ ብረት አለበት። አሲድ ስታንጠባጥቡ የሚወጣው አረፋም ካርቦኔት መኖሩን ነው የሚናገረው፣ ሕይወትን አይደለም።

መፍትሄው ማነጻጸሪያ ነው። ከዚያው አፈር ከፍላችሁ በደንብ አሙቁት። ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል፣ ማዕድኑን ግን በቀላሉ አይነካውም። የሞቀው አፈር አረፋው ከጠፋ ሕይወት የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። አረፋው እንዳለ ከቀጠለ ማዕድን ነው። የቫይኪንግ መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በ1976 ማርስ ላይ አፈር አሙቀው አነጻጽረዋል። አንደኛው ሙከራ ሕይወት ያለ የሚመስል ውጤት ሰጠ፣ ሌላው መሣሪያ ግን ኦርጋኒክ ነገር አላገኘም። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል፣ ሲሞቅ ኦርጋኒክ ነገርን ሊያጠፋ የሚችል ጨው ስታገኝ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። ዳኞቹ ፊት «ሕይወት አገኘን» ብሎ ከመደምደም፣ «ይህን አየን፣ ይህ ደግሞ ሊያሳስተን ይችል ነበር፣ እንዲህ አጣራነው» ማለት ይበልጣል።

የመዘገኛው አካፋ ንጹሕ መሆኑንም አረጋግጡ። ከሁለተኛው ቦታ የተወሰደው አፈር የመጀመሪያውን ቅሪት ይዞ ከመጣ ውጤቱ አይታመንም።

ሮቨሩ ደረሰ፣ ባትሪው ቀረ

ከአፍሪካም ከእስያም ለሚሄድ ቡድን ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞት የሚገባው ትርፍ የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160። 22.2 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ የሮቨር ባትሪ 222 ዋት ሰዓት ይሆናል። አይሳፈርም። ወይ ከመጀመሪያው ትንንሽ ባትሪዎችን አያይዞ እንዲሠራ አድርጋችሁ ዲዛይን አድርጉት፣ ወይ አሜሪካ ስትደርሱ ግዙ። ከገዛችሁ ያንኑ ዓይነትና ያንኑ ኮኔክተር ምረጡ። ቻርጀሩም በ120 ቮልት እንደሚሠራ ቀድማችሁ እዩ፤ የአሜሪካ ተራ ሶኬት 220 አይሰጥም።

በ3ዲ ፕሪንተር የታተሙት ዕቃዎችም በመንገድ ይጎዳሉ። ፒኤልኤ የሚባለው የተለመደው የፕሪንተር ፕላስቲክ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ እዚያ መድረስ አይከብድም። ሸክም የሚይዘውን ክፍል ሙቀት በተሻለ በሚችሉት ፒኢቲጂ ወይም ኤኤስኤ በሚባሉ ፕላስቲኮች አትሙት። ከዚያ አዲሱን ባትሪ ሞልታችሁ፣ ከውድድሩ ቀን በፊት፣ ዳገት ላይ አንድ ጊዜ እስኪያልቅ ንዱት።