የስኳር መድኃኒቱን ያቋረጠ ቤተሰብ ሲኖር

የስኳር ሕመም ያለባቸውን አባት ወይም እናት የሚያስታምም ልጅ፣ ክኒኑ ሳይነካ መሰንበቱን ሲያይ የሚቀድመው ቁጣ ነው። የተቆጧቸው ሰው ግን በማግስቱ ሳይውጡ «ውጫለሁ» ማለት ይጀምራሉ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ እየተወሰደ ያልሠራ መስሎት መጠኑን ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ደግሞ አደጋ አለው። ስለዚህ በእርጋታ፣ በለመዱት ቋንቋ ይጠየቁ፤ ጅማ ላይ ይህ ለብዙዎች አፋን ኦሮሞ ነው። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት? በዚያ ቀን የት ዋሉ? ምሳዎን መቼ በሉ?»

ከመልሶቹ ሁሉ በጥንቃቄ መደመጥ ያለበት «ስወስደው ያንቀጠቅጠኛል፣ ያልበኛል» የሚለው ነው። ግሊቤንክላሚድ የተባለው ክኒንና ኢንሱሊን፣ ሰውየው ቢበላም ባይበላም ስኳሩን ያወርዳሉ። በቡና ለቀማ ወቅት ማልዶ ወጥቶ ምሳውን ወደ ማታ የሚበላ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ጫት ቅሞ የምግብ ፍላጎቱ የተዘጋ ሰው፣ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ከወሰደ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድበታል። አንድ ጊዜ እንዲህ የደነገጠ ሰው መድኃኒቱን ቢፈራ አይፈረድበትም። ምልክቱ፣ ማለትም መንቀጥቀጡና ላቡ፣ ሲታይ፣ ወይም የስኳር ልኬቱ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ምግብ ማብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። በቀጣዩ ቀጠሮ የሥራውም የጫቱም ሰዓት ሳይደበቅ ለሐኪሙ ይነገር፤ መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ ሊስተካከል የሚችለው ይህ ሲታወቅ ነው።

ሜትፎርሚን የተባለው ሌላው የስኳር ክኒን ሆድ የሚያውክ ከሆነ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ መውሰድ ያቀለዋል፤ ሐኪሙም ከትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ሊጨምረው ይችላል።

«ድኛለሁ» ብሎ የተወ ሰው ደግሞ ሌላ ንግግር ይፈልጋል። ልኬቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ምክንያት መሆኑንና ከፍ ያለ ስኳር ሳያሳምም ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቭ እንደሚጎዳ ይነገረው። ጸበልም ሆነ ዱዓ ክኒን አቁሙ አይልም፤ ይህን የሚያከብሩት ቄስ ወይም ሼህ ቢነግሯቸው ከልጅ ቃል ይልቅ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

ለረመዳንም ሆነ ለዐቢይ ጾም ምክሩ ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ይጠየቅ እንጂ፣ የጠዋቱን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማስቀረት አይገባም።

ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ ጅማ ከተማ ድረስ ለሚመላለስ ሰው እንቅፋቱ ብዙ ጊዜ መጓጓዣና ገንዘብ ነው። ክኒኑ በቅርብ ጤና ጣቢያ ይገኝ እንደሆነ፣ በአንድ ቀጠሮ የሁለት ወይም የሦስት ወር ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮንም ጊዜው ሳያልፍ መክፈል ይገባል።

ለረጅም ጊዜ ያቋረጠ ሰው ያመለጠውን ለማካካስ ደርቦ መውሰድ የለበትም፤ ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ ይጀምር። ኢንሱሊን አቋርጦ የሚያስመልሰው፣ ሆዱን የሚያመው ወይም በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።