አራተኛ መነጽር ከማዘዝህ በፊት፦ በሆሞሲስቲኑሪያ ምልክቶች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በመሐረብ የጠቀለለቻቸውን ሦስት መነጽሮች ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው፤ ሦስቱም የአንድ ዓመት ናቸው፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይወፍራል። «ዶክተር፣ አራተኛ ለመግዛት አቅሙ የለኝም» አለችኝ።

ትዕግሥቴን የሚያሟጥጠው ስህተት ይህ ነው። ሆሞሲስቲኑሪያ ሰውነት ሜቲዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ በአግባቡ መጠቀም የሚሳነው የዘር በሽታ ነው። የሚከማቸው ሆሞሲስቴይን የዓይንን ሌንስ አንጠልጥለው የሚይዙትን ቀጫጭን ክሮች ያሳሳል፤ ሌንሱ ይንሸራተታል፤ ልጁም ሩቅ ማየት ያቅተዋል። ዕይታው በወራት ውስጥ የሚያሽቆለቁል ልጅ ሲመጣ ብሌኑን አስፍቶ ሌንሱን ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዓይኑን ሲያዞር አይሪሱ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) እንደ ውሃ ሲርገበገብ አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም አይረሳውም። እኛ ግን መነጽር ጽፈን እንሸኛለን። ሌንሱ ወደ ፊት ወጥቶ ብሌኑ ላይ ቢሰነቀር የዓይን ግፊት በድንገት ይንራል፤ ያኔ መነጽር ምን ያደርጋል?

«ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣተ መለሎ፤ ስለዚህ ማርፋን ነው» ብሎ፣ ሌላውን ተመሳሳይ መልክ ያለውን የዘር በሽታ ጽፎ፣ ካርዱን መዝጋትም አለ። እኔም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሌንሱ በማርፋን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ፣ በዚህኛው ወደ ታች ይሸሻል። የማርፋን መገጣጠሚያ ላላ ያለ ነው፤ የዚህኛው ገተር ይላል። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ በደሙ ያለውን ሆሞሲስቴይን አስለኩ።

«ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ሊሆን አይችልም» አትበሉ። የአእምሮ ዕድገት መዘግየት የተለመደ ቢሆንም ቫይታሚን ቢ6 የሚሠራላቸው ሕሙማን ትምህርታቸውን በሚገባ ሊከታተሉ ይችላሉ፤ የአንዳንዱ የመጀመሪያ ምልክት በጎልማሳነት እግር ወይም አንጎል ውስጥ የሚረጋ ደም ነው።

ሲወለድ ተመርምሮ ነጻ መባሉም ዋስትና አይሆንም። በብዙ አገር የሚለካው ሜቲዮኒን ነው፤ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ገና ላይጨምር ይችላል። ከ1,800 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከበሽታው ጋር በሚወለድባት ኳታር ሆሞሲስቴይኑን ራሱን የሚለኩት ለዚህ ነው።

ናሙናው መስኮት ላይ ሲውል ቀይ የደም ሴሎች ሆሞሲስቴይን ማመንጨታቸውን ስለማያቆሙ ውጤቱ በሐሰት ይጨምራል። በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ ፈሳሹ ከሴሎቹ ፈጥኖ ይለይ። የቫይታሚን ሽሮፕ ይወስድ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቢ6 ውጤቱን ሊያወርደው ይችላል። የቢ12 እጥረት ደግሞ ይህ በሽታ ሳይኖርም ሆሞሲስቴይንን ከፍ ያደርጋል፤ እሱንም ለኩ።

ለቀዶ ሕክምና ስትልኩት ለማደንዘዣ ባለሙያው በስልክ ንገሩት፤ ደሙ ይረጋል፤ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የማደንዘዣ ጋዝም አይሰጠውም።

እኔ ደግሞ ያ ባለሦስት መነጽር ልጅ እህት ወንድም እንዳለው ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጉድለቱን የተሸከሙ ጤነኛ ወላጆች በሚወልዱት በእያንዳንዱ ልጅ ላይ በሽታው የመውጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ይህንን እያወቅሁ ነው ያልጠየቅሁት። ከወራት በኋላ ታናሽ እህቱን ያመጣቻት እናትየው ራሷ ናት። ምርመራዋ በሽታው እንዳለባት አሳየ፤ መነጽር ገና አላደረገችም። ብሌኗን አስፍቼ ሳየው ሌንሷ በቦታው ነበር።